ውሃው የሚገባው ከመስኮቱ ዳር ነው፤ የእናቴን ቤት መስኮትና በር ስናድስ ያየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ ያለውን የእናቴን ቤት መስኮትና በር አድሰን ከጨረስን አንድ ክረምት አለፈ። ገና ስንጀምር አንድ ያየ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረን ኖሮ ብዙ ብርና ብዙ ድካም እናተርፍ ነበር፣ ለዛ ነው የምጽፈው። ሶስት ወር ሙሉ ከአናጢው፣ ከበያጁና ከአሉሚኒየም ሰሪዎቹ ጋር ውዬ ስለማድር ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ቤቱ ሁለት አይነት ነው። የፊት ለፊቱ ሶስት ክፍል ጭቃ ነው፣ ከውጪ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የጓሮው ሁለት ክፍል ደሞ በኋላ በብሎኬት የተጨመረ። ፊቱ የእንጨት መስኮትና የዝግባ በር ነበረው፣ ጓሮው ሶስት የብረት መስኮት፣ ያ ኤልቲዜድ የሚሉት መስታወቱ በስቱኮ የተያዘው ማለት ነው፣ እና አንድ የላሜራ በር። የእንጦጦን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ማታ ማታ ከጋራው የሚወርደው ንፋስ በስንጥቁ ሁሉ ይገባል፣ እማዬ በየክረምቱ አሮጌ ነጠላ እየቀደደች ስንጥቁን ትጠቀጥቃለች፣ ሐምሌ ላይ ደሞ ከሳሎኑ መስኮት ስር ሳፋ ይቀመጣል። ጉልበቷን ቁርጥማት ስለያዛት በቃ ይሄ ነገር ዘንድሮ ያብቃ አልን።

መጀመሪያ የተሳሳትነው ጊዜው ላይ ነው። ፋሲካ ይለፍና እንጀምር ተባለ፣ አሉሚኒየም ሰሪው በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ ብሎ ስራው ሰኔ ገባበት፣ ልስኑ ሳይደርቅ ሲሊከኑ፣ የፍሬሙን ዳር የሚዘጋው ማለት ነው፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ እየተቀባ ዝናቡ ደረሰብን። እርጥብ ላይ ሲሊከን አይዝም፣ ስቱኮና ቀለምም እንደዛው። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ስራ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው፣ ከዛ በኋላ የበልግ ዝናብ አንዳንዴ ይመጣል። ደሞ ስራ ሳይጀመር ወረዳ ሄዳችሁ ስለ ዕድሳት ፈቃድ ጠይቁ፣ እኛ ቀድመን ስለጠየቅን ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ወረቀቱን አይተው በሰላም ሄዱ።

ሰፈር ውስጥ ያየን ሰው ሁሉ ብረቱን በሙሉ ጣሉትና አሉሚኒየም አድርጉት ይለን ነበር። አንድ በያጅ ግን መጥቶ አየና ካቻቢቴ አውጥቶ የእያንዳንዱን መስኮት የታችኛውን ጥግ ወጋ ወጋ አደረገው፣ ምክንያቱም ዝገት የሚጀምረው ውሃ ከሚቆምበት ከታችኛው ጥግ ነው። አንዱ ላይ ካቻቢቴው ገብቶ ወጣ፣ ብረቱ እንደ ቅጠል ተደራርቦ በስብሷል። ሁለቱ ላይ ግን ዝገቱ የላይ ላዩን ነበር። እነዚህን አትጣሉ አለን፣ ልክ ነበር፣ ሁለቱን ለማደስ ያወጣነው አዲስ ከማሰራት ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። እናንተም ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ይሄን በካቻቢቴ መሞከር ትችላላችሁ።

እድሳቱ እንዲህ ነው የተሰራው። የድሮው ስቱኮ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በመሮ ቀስ እየተባለ ነው የሚነሳው፣ ተቸኩሎ ከተመታ መስታወቱ ይሄዳል፣ እኛ አንድ ሰብረናል። ከዛ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ መስታወቱ በአዲስ ስቱኮ ይገባል። አዲሱ ስቱኮ ላይ በማግስቱ ቀለም አትቀቡ፣ በጣት ሲነካ እስከማይቀረጽ ድረስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ አለበለዚያ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ሲቀባም ከስቱኮው ትንሽ አልፎ 2 ሚሊ ያህል መስታወቱን መንካት አለበት፣ ሰዎች ይሄን ቆሻሻ ስራ ይመስላቸውና በምላጭ ይፍቁታል፣ ግን ያቺ ቀጭን መስመር ናት ውሃ በስቱኮውና በመስታወቱ መሃል እንዳይገባ የምትዘጋው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አደራ። የድሮ ቀለም ሊድ፣ ያ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሊኖረው ይችላል። እኛ ሀገር በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ የናንተ መስኮትና በር ከዛ በፊት የተቀባ ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት። ብናኙ በአፍና በአፍንጫ ይገባል፣ ለህጻናት ደሞ አእምሯቸውን ነው የሚጎዳው። ውሃ እየነከሩ መፈግፈግ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ መሬቱ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ ሲያልቅ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። የእህቴን ልጆች ስራው እስኪያልቅ ጓሮ አላስደረስናቸውም።

የበሰበሰውን መስኮት ነቅለን እዛው ቀን ለቆራሌው ሸጥነው፣ ከነ ግሪሉ። አዲሱ አሉሚኒየም ሲመጣ ግሪል የለውም፣ አሉሚኒየም ብቻውን ደሞ ለሌባ ምንም አይደለም፣ አዲስ ግሪል አሰራን። አሮጌው ግሪል ተፍቆ ተቀብቶ ልክ ይገባ ነበር። ስለዚ የተነቀለ ነገር አዲሱ ቆሞ እስክታዩት ድረስ ከግቢ አይውጣ።

አሁን ወደ ጭቃው ቤት ልምጣ፣ ምክንያቱም ስለዚህ የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው፣ አሉሚኒየም ሰሪዎቹ የለመዱት ብሎኬትና ኮንዶሚኒየም ነው። የአሉሚኒየሙ ልጅ መጣና የመስኮቱን ቦታ አንድ ጊዜ ወርዱን አንድ ጊዜ ቁመቱን ለክቶ ጽፎ ሊሄድ ሲል ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ፣ ለበሩ ጠርተናቸው የነበሩ፣ ቆይ አሉትና ሜትሩን ተቀብለው ወርዱን ከላይ ከመሃል ከታች ለኩት። ከላይና ከታች 3 ሳንቲ ልዩነት አለው! ቁመቱም እንደዛው ግራና ቀኙ አይገጥምም። ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካም ሁለቱ መስመር እኩል አይደለም፣ ማለትም ቦታው ተጣሟል። በመጀመሪያው ልኬት ተሰርቶ ቢመጣ አንዱ ጋ አይገባም፣ ሌላው ጋ እጅ ያስገባል። ቀላሉ ህግ ይሄ ነው፣ ሶስት ቦታ ለኩ፣ ትንሹን ቁጥር ያዙ፣ ከሱ ላይ ደሞ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ለመሙያ ቀንሱ። እና ልኬቱን ሰሪው ራሱ ይለካ፣ እናንተ ለክታችሁ ከሰጣችሁ ሲሳሳት የናንተ ጥፋት ይሆናል።

ከዛ ደሞ ልጁ ፍሬሙን በፊሸር፣ ግድግዳ ተበስቶ በሚገባው የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ግድግዳው ላይ አስራለሁ ሲል ሽማግሌው፣ "ልጄ፣ ጭቃ ፊሸር አይዝም። ዛሬ የያዘ ይመስልሃል፣ መስኮቱ አስር ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ ግን ይዞት ይወጣል" አሉት። ያደረጉት ነገር ቢኖር ልስኑን በዳር በዳሩ አነሱና የግድግዳውን ቋሚዎች አገኙ፣ እነሱ ላይ በደረቅ ሞራሌ (በተሰነጠቀ እንጨት) አራት ማዕዘን አድርገው በቱንቢና በውሃ ልክ አቁመው በረጅም ምስማር መቱት። የአሉሚኒየሙ ልኬት የተወሰደው ከዚህ በኋላ ነው፣ አሁን ቦታው ስኳድራ፣ ጥጉ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ሆኗላ። ሞራሌው ግድግዳውን የሚነካው ጎኑ ብቻ ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቷል፣ የሚታየው ጎን ላይ አትቀቡ፣ ዘይት የጠጣ እንጨት ቀለም አይቀበልም፣ ሽታውም ቤት ውስጥ ይቆያል። ከመስኮቱ አናት ላይ የተጋደመውን ጉበን ደሞ እንዳታስነኩ፣ የጣሪያውን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው፣ መስኮት ላስፋ ብላችሁ ቋሚ የምታስቆርጡ ከሆነ መጀመሪያ ድጋፍ ይቁምለት።

እንጨቱና ጭቃው በሚገናኙበት ላይ ዝም ብሎ ሲሚንቶ ቢለሰን በዓመቱ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል፣ እንጨት ያብጣል ይሸሻል ሲሚንቶ ግን አይከተለውም። ሽማግሌው የዶሮ ሽቦ ከእንጨቱ ጀምረው ወደ ግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አስገብተው በምስማር መትተው ከላዩ አስለሰኑት። ክረምቱን አልፎ እስከዛሬ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ የለችም።

ስለ አሉሚኒየሙ ምርጫ አጠር ላድርገው። ተንሸራታቹ ቦታ አይፈጅም ለመጋረጃ ይመቻል ግን ከግማሽ በላይ አይከፈትም፣ ክንፎቹ የሚተላለፉበት ጋ ያለው ብሩሽ መሰል ነገርም ንፋስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በማጠፊያ የሚከፈተው ላስቲኩ ላይ ተጭኖ ስለሚዘጋ ለብርድም ለድምጽም ይሻላል። ችግሩ ውጪ ግሪል ካለ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ስለዚ ከመጋረጃው ጋር ይጋጫል፣ መጋረጃውን ከፍና ሰፋ አድርጎ መስቀል ያስፈልጋል። ለእማዬ መኝታ ቤት የሚከፈተውን፣ ለሳሎንና ለጓሮ ተንሸራታቹን አደረግን።

ዋጋ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የኔ ቁጥር ያሳስታችኋል። ይልቅ በካሬ ስንት ሲሏችሁ በካሬው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ጠይቁና አጻፉ። የፕሮፋይሉ (የአሉሚኒየም ዘንጉ) ውፍረት፣ የመስታወቱ ውፍረት፣ ቀለሙ፣ የቁልፉ አይነት፣ ትንኝ መከላከያ ወንፊት አለው ወይ፣ ፎምና ሲሊከኑ የማን ነው፣ ከተገጠመ በኋላ ዳሩን የሚለስነው ማን ነው፣ ፍርስራሹን ማን ያወጣል። እኛ 6 ሚሊ መስታወት ብለን ተስማምተን የመጣው 5 ሚሊ ነበር፣ ከተገጠመ በኋላ ቢሆን ማንም አያውቅም፣ ገና መኪና ላይ እያለ ጠርዙን በማስመሪያ ለክተን ነው የያዝነው፣ ወስደው ቀየሩት። ቀብድም 80 ፐርሰንት ተጠይቀን 50 ላይ ተስማማን፣ የመጨረሻውን 15 ፐርሰንት ግን ውሃ ተደፍቶ ታይቶ ነው የምንሰጠው ብለን አጻፍን። ያቺ 15 ፐርሰንት ባትኖር ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር አይስተካከልም ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከንፋስ ጋር መጣ። ጠዋት ስንነሳ የሳሎኑ መስኮት ስር ውሃ። አዲሱ መስኮት! እማዬ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ሳፋውን አምጥታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው፣ እኔን እሱ ነው ያስለቀሰኝ። ልጁን ደወልኩለት፣ መጣ፣ "እህቴ፣ ሲሊከን አንሶት ነው" ብሎ ዙሪያውን በሙሉ በሲሊከን ሞላው፣ ከውጪም ከውስጥም ከታችም። በሚቀጥለው ዝናብ ባሰበት።

ሁለተኛ የጠራነው ሌላ ባለሙያ የውሃ ጎማ አምጡ አለ። እሱ ያደረገውን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ውስጥ ይቁም፣ አንዱ ከውጪ ውሃ ያፍስ፣ ግን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ። መጀመሪያ ከመስኮቱ በታች ያለው ደፍ ላይ ብቻ አምስት ደቂቃ፣ ከዛ የታችኛው ፍሬም ላይ፣ ከዛ ጎኖቹ ላይ፣ መጨረሻ ላይ አናቱ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም አጥቦ ይወርድና ከየት እንደገባ አይለይም። እንዲህ ሲደረግ ሶስት ጥፋት ወጣ።

አንደኛው የውሃ መውጫ ቀዳዳው ነው። ተንሸራታች አሉሚኒየም የታችኛው ሀዲድ ላይ ሁልጊዜ ውሃ ይገባል፣ መግባቱ ችግር አይደለም፣ እንደሚገባ ታስቦ ነው የሚሰራው፣ በውጪ በኩል ሀዲዱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ ውሃው በነሱ ተመልሶ ወደ ውጪ ይወጣል። ልጁ እነሱን በሲሊከን ደፍኗቸው ነበር፣ ስለዚ ሀዲዱ እንደ ገንዳ ሞልቶ ወደ ቤት ፈሰሰ። እባካችሁ ዛሬውኑ ቤታችሁ ያለውን ተንሸራታች መስኮት ከውጪ በኩል እዩት፣ ቀዳዳዎቹ በቀለም፣ በሲሚንቶ ወይ በአቧራ ተደፍነው ከሆነ በሽቦ ክፈቷቸው። አንድ ጆግ ውሃ ሀዲዱ ላይ ስታፈሱ በውጪ በኩል መንጠባጠብ አለበት።

ሁለተኛው ደፉ ነው። ለሳኙ የመስኮቱን ደፍ ለጥ አድርጎ፣ እንደውም ወደ ውስጥ ትንሽ አዘንብሎ ነበር የሰራው። ደፍ ወደ ውጪ መዘንበል አለበት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ወጣ ብሎ ከስሩ አንድ ጎድጎድ ያለ መስመር ይኑረው፣ ውሃው እዛ ሲደርስ ይንጠባጠባል፣ መስመሯ ከሌለች ደፉን ከስር ተከትሎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ለጭቃ ቤት ይሄ የህይወት ጉዳይ ነው፣ ልስኑ ውስጥ የገባ ውሃ ጭቃውን ያሟሟዋል፣ እናንተ የምታዩት ግን ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ሲያብጥ ነው። አፍርሰን እንደገና አሰራነው።

ሶስተኛው ፎሙ። ያ ቢጫ ፎም ክፍተት ይሞላል ብርድ ይዘጋል እንጂ ለውሃ መከላከያ አይደለም፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደሞ በወራት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይፈረፈራል። እንደሚያብጥም አትርሱ፣ አብዝተው ከነፉት ፍሬሙን ወደ ውስጥ ገፍቶ ያጎብጠዋል፣ መስኮቱ መንሸራተት እምቢ ይላል። ጥቂት ተነፍቶ፣ በደንብ ደርቆ፣ የተረፈው በቢላ ተቆርጦ፣ ከላዩ በልስን ወይ በሲሊከን መሸፈን አለበት። ሲሊከኑንም ስትገዙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ለመስታወት ጥሩ ነው፣ ሲሚንቶና እብነበረድ ላይ ግን በደንብ አይዝም፣ እዛ ላይ ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ። ሲሊከን ላይ ቀለም ስለማይዝ ደሞ መጀመሪያ ግድግዳው ይቀባ፣ ይድረቅ፣ አቧራው ይወልወል፣ ከዛ ሲሊከን።

ሶስቱም ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ጎማ ይዘን ሞከርነው፣ ጠብ የምትል ነገር የለም፣ የቀረውን 15 ፐርሰንት ከፈልን። የመጀመሪያው ልጅ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ማንም አላሳየውም። አሁን እሱም ቀዳዳውን እየከፈተ እንደሚሰራ ነግሮኛል።

በሩን ብዙ ሰው የቻይና በር አድርጉበት ብሎን ነበር። እማዬ አባታችሁ ያስገባውን በር አላስነቅልም አለች፣ ሽማግሌው አናጢም በጣታቸው አንኳኩተው ዝግባ ነው ይሄማ፣ ከየት ይመጣል አሁን ብለው ደገፏት። በአራት ቀን ሰሩት። የድሮው ቀለም ተነሳ፣ ይሄም ውሃ እየነካ፣ እንጨቱ ሲደርቅ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ በ120፣ መጨረሻ በ220፣ ሁሌም በእንጨቱ መስመር እንጂ አቋርጦ አይደለም። የመጀመሪያው ቬርኒች በአኳራጅ ቀጠን ተደርጎ ነው የተቀባው እንጨቱ እንዲጠጣው፣ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ ተፈግፍጎ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት ግን በሩ ከማጠፊያው ወርዶ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ መቀባቱ ነው፣ ምክንያቱም የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ ካልተቀባ እርጥበቱ በዛ በኩል ይገባል፣ በሩም ክረምት ላይ የሚያብጠው ለዚህ ነው። የናንተ በር ነሐሴ ላይ መሬት ቢነካ ወዲያው አታስልጉት፣ ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ከስሩ ክፍተት ይሆንባችኋል። ለሻወር ቤቱ ደሞ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሰራ) በር አታስገቡ፣ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ነው የሚነፋው፣ እኛ አሉሚኒየም አድርገናል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው። ሐምሌ ውስጥ አንድ እሁድ ዝናብ ስለነበር እማዬ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ ሳሎን ውስጥ በከሰል ቡና አፈላች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደዛ ነው የምታፈላው። ሁለተኛው ሳይፈላ ራሴን አለች፣ እኔም አቅለሸለሸኝ፣ የእህቴ ትንሿ ልጅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይዟት ጥርግ አለ። እህቴ ናት ብድግ ብላ በሩን የከፈተችው፣ ልጅቷን ታቅፈን ወጣን፣ ንፋስ ሲያገኛት ነቃች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም አይሸትም። የድሮው ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ስለነበር ነው ምንም ያልሆንነው፣ አሁን ያንን ስንጥቅ ሁሉ እኛው ራሳችን ዘግተነዋል። ቤት የምታሽጉ ሰዎች ከስራው በፊት ከሰል የት ነው የሚቀጣጠለው፣ አየር በየት ነው የሚገባው ብላችሁ ጠይቁ። እኛ በማግስቱ አናጢውን ጠርተን ከጓዳው በር አናት ላይ ወንፊት ያለው የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ አስከፈትን፣ ከሰሉም በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፣ ቡናው የሚፈላውም እዛው ነው። ብርድ ሲበዛባት እማዬ ጋቢዋን ደርባ ትቀመጣለች፣ የሳሎኑ በር ከኋላዋ ወለል ብሎ እንደተከፈተ።